ያልነበሩ ወፎችን የቆጠርኩበት በጋ

የሐይቃችንን ውበት የሚያወራ ሰው ሁሉ ሽታውን ይዘላል። እኔ አልዘልም። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው ወደ ኋላ ሲሸሽ ዳር ላይ ጭቃ ይቀራል፤ ጭቃው ደግሞ ይሸታል። የበሰበሰ ደንገል፣ የዓሣ ቅርፊት፣ የከብት እበት፣ ፀሐይ የመታው አረንጓዴ ዝቃጭ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ባለፈው ሳምንት እናቴን ልጠይቅ መጥቼ ወደ ውሃው ስንወርድ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቆምኩና በረጅሙ ሳብኩት። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ «አንቺ፣ ደህና ነሽ? ይሸታል እኮ!» አለችኝ።

«ስለሚሸት ነው እኮ የሚመጡት» አልኳት።

እነማን እንደሚመጡ አልጠየቀችኝም፤ ስልኳን ነበር የምታየው። እሷ ባትጠይቅም እኔ እጽፈዋለሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ በአንድ በጋ ያደረግኩትን ነገር እስከዛሬ በራሴ አፍ የተናገርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በሰው ሁሉ ፊት።

ያኔ አርፌ የማልቀመጥ ልጅ ነበርኩ። አሁንም ያው ነኝ፤ ልዩነቱ አሁን የሚቆጣኝ የለም። እማዬ ቤት ስታስቀምጠኝ ዕቃ እሰብራለሁ፣ ውጭ ስታወጣኝ እደባደባለሁ። በመስከረም አንድ ቀን የጎረቤታችንን የአያ ይመርን አጥር ስዘል ራሳቸው ያዙኝ። ክንዴን ጨብጠው እናቴ ዘንድ ወሰዱኝ። ልገረፍ ነው ብዬ ትከሻዬን ሳዘጋጅ፣ «ይችን ልጅ ለበጋው ስጪኝ» አሏት።

«ምን ልትሆንልዎ?» አለች እማዬ።

«ዓይን። የኔ ደክሟል።»

«ዓይኗስ ደህና ነው አያ ይመር፤ ቂጧ ነው የማይቀመጥ።»

«አብሽሪ፣ እሱን ወፎቹ ያስተምሯታል።»

አያ ይመር በጉልምስናቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። አንድ ዓመት ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጥተው በእሳቸው ታንኳ ሲዞሩ ሰነበቱ፤ ሲሰነብቱም የወፍ አቆጣጠር አስተማሯቸው። ሰዎቹ ተመልሰው ሄዱ። አያ ይመር ዘንድ የቀረው አንድ ዓይኑ የደበዘዘ የሩቅ ማያ መነጽር፣ ሥዕል ያለበት የወፍ መጽሐፍና አልለቅ ያላቸው ልማድ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ወደ ዳሩ ይወርዳሉ። የሚያዛቸውም የሚከፍላቸውም የለም። ከሁሉም የጥር ወር ቆጠራ ይበልጣል፤ በዚያው ሰሞን በሌላም አገር በየውሃው ዳር ሰው ቆሞ ይቆጥራል ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ የቆጠራ ቅጽ ተሞልቶ ለእነዚያ ሰዎች አዲስ አበባ ይላካል።

መንደሩ ይቀልድባቸዋል። ወደ ገበያ የሚያልፍ ጎረምሳ ሁሉ ከመንገዱ ላይ ቆሞ፣ «አያ ይመር! ዛሬስ ሁሉም ተገኝተዋል? የቀረ ካለ ወላጅ ያስጠሩ!» ይላል።

«አንተን ከዳክዬዎቹ ጋር ቆጥሬሃለሁ፤ እለፍ!» ይሉታል፣ መነጽሩን ከዓይናቸው ሳያነሱ።

የምንቆጥረው የጭቃውን ወፎች ነው፤ እየበረሩ መጥተው ከርመው የሚሄዱትን። መጽሐፉ ላይ ስማቸው በፈረንጅ አፍ ነው የተጻፈው። አያ ይመር ግን የራሳቸውን ስም አውጥተውላቸዋል። አፉ እንደ ስፌት መስፊያ ረጅምና ሹል የሆነው፣ ጭቃውን እየወጋ ትል የሚያወጣው «ወስፌ» ነው። ትንንሾቹ፣ ውሃው ጫፍ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚበተኑት «ፍርፋሪ»። ቀጭን ቀይ እግር ያለው፣ ልብሱን ሰብስቦ እንደሚሻገር ሰው እየተጠነቀቀ የሚራመደው «ሙሽራው»። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ነበር የታዩኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ከሩቅ በአረማመዳቸው ለየኋቸው። ሰው ይመስላሉ፤ አንዱ ችኩል ነው፣ አንዱ ኩሩ ነው፣ አንዱ ሰው ያገኘውን ይነጥቃል።

«አንድ አንድ እያልሽ አትችያቸውም» አሉኝ። «አሥር ወፍ በዓይንሽ ያዢ። እሷን ቁና አድርጊያት። ከዚያ መንጋውን እንደ እህል ስፈሪው።»

እሳቸው ሲሰፍሩ በቀኝ እጃቸው ሙስበሃ ይይዛሉ፤ ከሶላት በኋላ አላህን የሚያወሱበት ያው ጥቁር መቁጠሪያ ነው። ለእያንዳንዱ ቁና አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ፤ ሲጨርሱ ድምሩን ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አይወጣም። ከጀርባችን የአምባሰል ተራራ ጥላውን እየሰበሰበ፣ ከፊታችን ጭቃው በፀሐይ እያበራ፣ እኚህ ሽማግሌ ሙስበሃቸውን ይዘው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሳይ ለወፎቹ ዱዓ የሚያደርጉ መሰለኝ። አልጠየቅኩም። ገብቶኛል ብዬ ነበርና ምን ብዬ ልጠይቅ?

እንዲያ የመሰለኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። ያን ዓመት እህቴ ዘሀራ ሪያድ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እማዬ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ለዱዓ ትሄዳለች፤ እኔንም ትጎትተኛለች። መሃል የተቀመጡት አሮጊት «የራቀ ያላችሁ ጥሩ» ሲሉ እናቶቹ በተራ የልጆቻቸውን ስም ይጠራሉ። ከድር፣ ሰዓዳ፣ ዘሀራ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል። እማዬ አንድ ቀን ብርድ ይዟት ስትቀር እኔን ላከችኝ፤ «ስሟን ሳትጠሪ እንዳትመጪ» ብላ። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። የራቀ ሰው ይጠራል፤ ሲጠራ መንገዱ ይከፈትለታል። የአያ ይመር ደብተርም ለወፎቹ እንደዚያው ነው።

«ከየት ነው የሚመጡት?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ።

«ውሃው በረዶ ከሚሆንበት አገር። እዚያ ይፈለፈላሉ፤ ሲበርድ ይወርዳሉ።»

«በሳውዲ ያልፋሉ?»

«ያልፋሉ።»

«ዘሀራን ያዩዋታል?»

አያ ይመር መነጽሩን አውርደው ወለወሉት። የእሳቸውም ልጅ እዚያው ነበረች። «ወፍ ጭቃ ነው የሚያየው፣ ልጄ» አሉ። «ጭቃ ካለ ይወርዳል፤ ከሌለ ያልፋል። ቁጠሪ።»

«ለምን እንቆጥራቸዋለን ግን?»

«በላይ በአገራቸው የሚቆጥር አለ። ከእኛ በታችም የሚቆጥር አለ። መሃል ላይ እኛ ነን። አንድ ቀን ቀነሱ ቢባል የት እንደቀነሱ የሚታወቀው ሁላችንም እውነት ከጻፍን ነው። ሜዳው ባዶ ከሆነ ዜሮ ጻፊ። ዜሮም ቁጥር ነው።»

ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን ዜሮ ማለት ለእኔ የሒሳብ አስተማሪያችን በቀይ እስክሪብቶ የሚከብበው ነገር ነበር፤ ሰው ወዶ የሚጽፈው ነገር አልነበረም።

የገዳሙን ዳር፣ የእስጢፋኖስን ማለት ነው፣ የሚቆጥሩት አንድ መነኩሴ ነበሩ። ቦታው የወንዶች ገዳም ስለሆነ እኔ አልሄድኩበትም። መነኩሴው ቁጥራቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በዓሣ አጥማጆች ይልካሉ፤ አያ ይመርም ሳይመረምሩ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ። «አባ ያላዩትን አይጽፉም» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው ይህን የሰማሁት።

በእኛ በኩል ጭቃው ሁለት ነው። ላይ ጨፌና ታች ጨፌ፤ መሃላቸው የደንገል ጥቅጥቅ አለ። በኅዳር ወር አምስት ገበሬዎች ተባብረው ላይ ጨፌ ላይ ቦይ ቆፈሩ። ውሃው በቦዩ ተንቆርቁሮ ወረደ፤ ከጭቃው በላይ ባለው መሬት ሽንኩርት ተተከለ፤ የውሃ መሳቢያ ሞተርም መጣ። ከአምስቱ አንዱ አባዬ ሁሴን ነው። ሞተሩ መጀመሪያ የተነሳ ቀን አባዬ ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ጨፈረ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው እኮ፤ ከባድ ነበርኩ። ደስታው ነው የተሸከመኝ።

በታህሳስ የአያ ይመር ጉልበት አበጠ። እስከ ታች ጨፌ በዱላ ይደርሳሉ፤ ላይ ጨፌ ግን ደንገሉን ዞሮ፣ ቦዩን ተሻግሮ ነው። «ላይኛውን ለአንቺ ሰጥቼሻለሁ» አሉኝና መነጽሩን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ገመዱ እምብርቴ ድረስ ይደርስ ነበር። ከዚያን ቀን የበለጠ ኮርቼ አላውቅም።

ወረድኩ። ላይ ጨፌ ምንም የለም።

ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስንጥቁ ያምራል፤ እያንዳንዱን ቅርፊት በተረከዜ እየሰበርኩ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። ሞተሩ ያንኳኳል። ውሃው ርቋል፣ ወስፌ የለም፣ ፍርፋሪ የለም፣ ሙሽራው የለም። ራቁ ማለት ነው አልኩ፤ የራቀ ደግሞ ይጠራል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሙስበሃ ስላልነበረኝ የእማዬን የተበጠሰ ጨሌ ከኪሴ አወጣሁ። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ «ወስፌ ሃያ፣ ፍርፋሪ አርባ፣ ሙሽራው ስድስት፣ አሚን» አልኩ። ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። አጻጻፌ ቆንጆ ነበር።

በሚቀጥለውም እንዲሁ። የጠራኋቸው ካልመጡ ደግሜ መጥራት አለብኝ ብዬ ፍርፋሪን ሃምሳ አደረግኳት።

እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ልጅ እመስላለሁ። ግን ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ዱዓም አልነበረም። ጠዋት ነው፣ ይበርዳል፣ ብቻዬን ነኝ፣ የሚታይ ነገር የለም። ከሽንኩርቱ በላይ ካለችው የጥበቃ ጎጆ ገብቼ ከጠባቂው ጋር የተጠበሰ ድንች እየበላሁ ያለፈውን ቁጥር ገለበጥኩ። ሦስተኛው የጥር ወሩ ቆጠራ ነበር፤ አዲስ አበባ የሚላከው።

አያ ይመር ደብተሩን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው እያዩ፣ «ላይ ጨፌ አልለቀቁም? ውሃው ሄዶም? ሱብሃነላህ!» ይሉ ነበር። በመገረም ነው እንጂ በጥርጣሬ አልነበረም። እኔም አብሬያቸው ተገረምኩ።

በየካቲት ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ስብሰባው በትምህርት ቤታችን ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች በእኛ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። እኔ የአያ ይመርን ደብተር ታቅፌ አጠገባቸው ነኝ። ሊቀመንበሩ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሞ፣ «ሐሳቡ ግልጽ ነው» አለ። «ላይ ጨፌ ላይ ሽንኩርቱ ይዟል። ቦዩን ወደ ታች ጨፌ እንቀጥለዋለን። ለአምስቱ አባላት ሁለተኛ መደብ ይደርሳል፤ አዲስ አባልም ይገባል። ተቃውሞ ያለው?»

ሰው ሁሉ ወደ አያ ይመር ዞረ። በኅዳር ቦዩ ሲቆፈር መሬቱ ላይ ዱላቸውን ተክለው የጮኹት እሳቸው ብቻ ነበሩና።

አያ ይመር ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልቃወም ነበር» አሉ። «ጭቃው ከደረቀ ወፎቹ ማረፊያ ያጣሉ፣ ዓሣውም እንቁላል መጣያ ያጣል ብዬ በልቤ ፈርጄ ነበር። ደብተሩ ግን እንደዚያ አይልም። ከቦዩ በፊት በላይ ጨፌ የነበረው ከቦዩ በኋላም አለ፤ አራት ጊዜ ተቆጥሯል። ደብተሩ ሲስማማኝ ላምነው፣ ሳይስማማኝ ልጥለው አልችልም። ቃል የለኝም። ቀጥሉ።»

ተቀመጡ። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ጮኸ።

«ይኸው!» አለ አባዬ ከኋላ ተነስቶ፤ ፊቱ በርቷል። «የቆጠረችው የኔ ልጅ ናት! ከክፍሏ አንደኛ ናት! መስክራለች!»

ሰው አጨበጨበልኝ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ ቀስ እያለ ሳይሆን በአንድ ጊዜ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንደ ደፉብኝ። ቁጥሩ ዱዓ አይደለም። ቁጥሩ ምስክር ነው። አያ ይመር የሚያምኑትን ነገር ትተው እኔ የጻፍኩትን አምነዋል፤ እኔ በጻፍኩት ምክንያት ነገ ታች ጨፌ ይቆፈራል። እዚያ ጠዋት ያየኋቸው ወስፌዎች አሁንም ጭቃውን እየወጉ ነው።

«የሉም!» አልኩ።

ሊቀመንበሩ፣ «ምን አልሽ?»

«ወፎቹ! ላይ ጨፌ ምንም የለም። አንድም።»

«መዲና! ተቀመጪ!» አለ አባዬ።

«አልቀመጥም! ስላልነበሩ ጠራኋቸው። ዱዓ መስሎኝ ነው የጻፍኩት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ከመስኮቱ በኩል፣ «እንግዲያ ለኔም ሁለት በሬ ጻፊልኝ!» አለ። ሌላው፣ «ለሁሴን ልጅ ሌላ ደብተር ስጧት፣ መንገዱንም አስፋልት ትጻፈው!» ሊቀመንበሩ ራሱ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ቋጠረና፣ «አያ ይመር፣ እንግዲህ ይሄ ደብተር የልጅ ጨዋታ ነው ማለት ነው» አለ።

አያ ይመር አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «የትኞቹ ናቸው?»

«ከታህሳስ ወዲህ ያሉት። የላይ ጨፌ ብቻ።»

«ታች ጨፌን ነክተሻል?»

«አልነካሁም። ወላሂ።»

«አራቱንም ወርደሽ አይተሽ ነው የጻፍሽው?»

እዚህ ጋ ልዋሽ እችል ነበር። ዱዓው ሰውን አስቆ ነገሩን አቅልሎልኝ ነበርና። «ሁለቱን ወርጄ ነው» አልኩ። «ሁለቱን አልወረድኩም። በርዶኝ።»

ሳቁ ቆመ።

«ለሁለቱ የልብሽ ኒያ ጥሩ ነበር» አሉ። «ቁጥርሽ ግን አራቱም ውሸት ነው።» እስክሪብቶ ተቀበሉና ደብተሩን ዴስኩ ላይ ዘረጉ። ገጾቹን አልቀደዱም። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሰያፍ መስመር አሰመሩ፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር እንደሚነበብ ሆኖ። «አራት ገጽ ወጣ» አሉ ለሊቀመንበሩ። «የወጣው በእኔ ጥፋት ነው። ልጅ ልኬ አንድ ቀን እንኳ ተከትያት አልወረድኩም። የቀረውን ግን ማመን አይጠበቅብህም። ነገ ከሱብሂ በኋላ ና፣ የፈለገም ይምጣ። ሁለቱንም ራሳችሁ ቁጠሩ።»

ስፈልገው አባዬ ወጥቶ ሄዷል።

ማታ ቤት ውስጥ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ለእማዬ ነው የተናገረው፣ እኔ እየሰማሁ፦ «ያ ሁለተኛው መደብ ዘሀራን የማስመጣበት ነበር።» እማዬ እሳቱን ዳፈነች። እኔ ጋቢዬ ሥር ሆኜ፣ እውነት መናገር እንዲህ ከሆነ ምን ይጠቅማል አልኩ። ከዚያ አንዴ ወጥቷል፣ አይመለስም አልኩና ተኛሁ። ሳልተኛ አደርኩ ብል ውሸት ነው።

ጠዋት ሊቀመንበሩ መጣ፤ ከሽንኩርት ገበሬዎቹ ሦስቱ፤ ከኋላቸው፣ ራቅ ብሎ፣ አባዬ። መጀመሪያ ታች ጨፌ። ጭቃው በወፍ ተሸፍኗል። አያ ይመር መነጽሩን ለሊቀመንበሩ ሰጡት። ሠላሳ ሲደርስ ፍርፋሪዎቹ ተበተኑበት፤ እንደገና ጀመረ፤ አርባ ሲደርስ እንደገና። «እነዚህ አይቆሙም እንዴ!» አለ ተናዶ።

«ስብሰባ አይደለም እኮ» አሉት አያ ይመር። «አሥሯን ያዝና ስፈር።»

ሊቀመንበሩ በአዲስ ጫማው ጭቃው ውስጥ እየሰጠመ፣ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ሰፈረ። ሲጨርስ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ፤ እኔ በልቤ ከሰፈርኩት ጋር አንድ ቁና ብቻ ነው የተለያየነው። ፈገግ አለ። ወፍ ቆጥሮ ፈገግ የማይል ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከዚያ ደንገሉን ዞርን። አያ ይመር በሁለት ሰው ተደግፈው ቦዩን ተሻገሩ። ላይ ጨፌ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጭቃው እንደ ሸክላ ስብርባሪ ሆኗል።

«ያውና ወፍ!» አለ አንዱ ገበሬ።

«ሳቢሳ ነው» አልኩት። «ከላሟ ጋር መጣ፣ ከላሟ ጋር ይሄዳል። የጭቃ አይደለም።»

ሊቀመንበሩ መነጽሩን ከዳር እስከ ዳር አዞረ። ደግሞ አዞረ። «ወደ አርዲቦ ሐይቅ ሄደው ይሆናላ» አለ።

«የአርዲቦ ዳር አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ከእኛ ታች ጨፌ ሌላ ይህን የሚያህል ጭቃ አላውቅላቸውም» አሉ አያ ይመር። ከዚያ ዓሣውን አነሱ፤ ውሃ ዳር ያለው ሣር ሥር ነው የሚራባው፣ ከአሁን በፊት ላይ ጨፌ ላይ መረብ ይጥል ከነበረው ዘንድሮ የጣለ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ማንም አለ አላለም።

«ታች ጨፌ ለጊዜው ይቆይ» አለ ሊቀመንበሩ። ያ «ለጊዜው» እስካሁን አላለቀም።

በዚያው ቀን አያ ይመር ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ አስጻፉኝ። «በጥር የላክነው የላይ ጨፌ ቁጥር ሳይታይ የተጻፈ ስለሆነ ይሰረዝ» የሚል ነው። «ማን ጻፈው ልበል?» አልኳቸው። «የጻፈው ሰው ስም አለው አይደል?» አሉኝ። ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ከዚያ ያባርሩኛል ብዬ መነጽሩን ከአንገቴ ሳወልቅ፣ «የት ልትጥይው ነው? በአሥራ አምስት ቀኑ ላይ ጨፌ ያንቺ ነው» አሉኝና ወደ ቤታቸው ገቡ።

አባዬ እስከ ቀጣዩ የቆጠራ ቀን አላናገረኝም። ምሳውን ሳቀርብለት «አስቀምጪው» ይላል፤ ያን ያህል ነው። እማዬ ሐሙስ ዕለት የዘሀራን ስም ስትጠራ ቀና ብዬ አላየኋትም። ዘሀራ መቼ እንደመጣች ሌላ ወሬ ነው፤ በዚያ በጋ ግን አልመጣችም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ወረድኩ። ብርድ ነበር። ጎጆዋ ጋ የድንቹ ጢስ ይወጣል፤ አልገባሁም። ድንጋዩ ላይ ቆሜ መነጽሩን ከግራ ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ደረቅ ጭቃ፣ ቦይ፣ የሽንኩርት መደብ፣ መደቡ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚኮተኩት አባዬ። ደብተሩን ከፈትኩ።

«ስንት አገኘሽ?» አለ። ቀና አላለም።

ደነገጥኩ። «ምንም።»

«ምንም?»

«ዜሮ።»

ጥቂት ኮተኮተ። «ደህና አርገሽ እይ እንጂ» አለ። «ከኋላዬ አንድ አለ።»

የሚፈትነኝ መሰለኝ። የሚያላግጥብኝም መሰለኝ። መነጽሩን አነሳሁ፤ ከኋላው ውሃ የጠጣ የሽንኩርት መስመር ብቻ ነው ያለው። «የለም» አልኩ።

«አለ።»

«ካላየሁት አልጽፍም፣ አባዬ።»

«አትጻፊ። ነይና እይ።»

ጫማዬን አውልቄ በመስመሮቹ መሃል ሄድኩ። አባዬ በመኮትኮቻው ጫፍ ቀስ ብሎ አመለከተኝ። አፈር ነው ያየሁት፤ ቡናማ፣ ነጠብጣብ ያለው እርጥብ አፈር። ከዚያ አፈሩ ውስጥ አንድ ጥቁር ዓይን አየኝ። ረጅም አፉን መሬት ላይ አጋድሞ፣ ሁለት ሽንኩርት መሃል ተጣብቆ፣ ትንፋሹ ጀርባውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ወስፌ አይደለም፤ ከማውቃቸው አንዱንም አይደለም።

«ትናንትም እዚሁ ነበር» አለ አባዬ በሹክሹክታ። «ውሃ ስለቅ ነው የሚመጣው። ወፉ እስኪሄድ ብዬ ሞተሩን አጥፍቼዋለሁ።»

እውነትም ሞተሩ አይሰማም ነበር። እኔ እስከዚያ ድረስ አላስተዋልኩም።

«ስሙ ማነው?» አለኝ።

«አላውቀውም። አያ ይመርን እጠይቃለሁ።»

«ጠይቂ።» ደብተሩን አየና፣ «አንድ ነው ግን» አለ። «አንድ ብቻ። እንዳትጨምሪ።»

እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክኬ፣ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አንድ ጻፍኩ።